ጆሮ ያለው ናፕኪን

ሌላው ሰው ከተማውን በመንገዱና በሕንፃው ያውቀዋል። እሱ የሚያውቀው በእድፉ ነበር።

ሥራው መተኮስ ነው። ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለ ላውንደሪ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋንና የምግብ ቤት ጨርቅ ሲተኩስ ኖሯል። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሚያልፍ የሚያገድም ጫማ ብቻ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ፣ ቤቱ አንድ ክፍል፣ ሰሃኑ አንድ ነው። ብርጭቆ እንኳ ሁለት አለው፤ ግን በሁለተኛው የጥርስ ብሩሹን ያስቀምጥበታል። ከሰው ጋር ስለማይጫወት የሥራ ባልደረቦቹ «መነኩሴው» ይሉታል። ስሙን አልጠላውም። ሰው ስም ካወጣልህ ቢያንስ አይቶሃል ማለት ነው፣ ይል ነበር በልቡ።

ከሚተኩሰው ሁሉ የሚወደው የጣልያኑን ምግብ ቤት ጨርቅ ነበር። ወፍራም፣ ነጭ፣ ሲተኮስ ድምፅ ያለው ጨርቅ ነው። ምግብ ቤቱ ከተማው መሐል፣ ትልልቅ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ላይ እንዳለ ሰምቷል እንጂ በደጁም አልፎ አያውቅም። ግን ውስጡን ከገቡት ሰዎች ይልቅ እሱ ሳያውቀው አይቀርም። አስተናጋጆቹ ደንብ አላቸው፤ ጠረጴዛ ሲያነሡ የዚያን ጠረጴዛ ናፕኪኖች በራሱ በጠረጴዛው ልብስ ጠቅልለው ይቋጥሩታል፤ አንድም እንዳይጠፋ። ረቡዕ ጠዋት ከረጢቱ ሲመጣ፣ እሱ አንዱን ቋጠሮ በፈታ ቁጥር የሰው ማዕድ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይኼ ጠረጴዛ አራት ሰው ነበረበት፤ አንዷ ከንፈሯን ተቀብታለች። ይኼኛው ሪዞቶ የሚሉትን ሩዝ በልቷል፤ ቢጫው ሳፍሮን የሚባለው ቅመም ነው። ይቺ ደግሞ አልቅሳለች፤ ናፕኪኑ ላይ ያለው ኩል ነው። ምግቡን አንዱንም ቀምሶት አያውቅም። ሁሉንም ግን አስለቅቋል፤ ከአንድ በስተቀር። አንድ ጥቁር እድፍ አለ፣ የባሕር እንስሳ ቀለም ነው የሚሉት፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጥላው የሚቀር።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው።

አንድ ረቡዕ የክቡን ጠረጴዛ ልብስ ፈታ። ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሁሉ ክብ የሆነው አንድ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይለያል። ውስጡ አምስት ናፕኪን ነበር። አራቱ እንደማንኛውም ተጨማድደው ተወርውረዋል። አምስተኛው ግን ታጥፏል። ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ አንዱ ጫፍ ተጠቅልሎ ከጎን እንደ ጥንቸል ጆሮ ብቅ ብሏል።

ካውያው እጁ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ። «ኧረ ጨርቁ ሊቃጠል ነው!» ብላ አጣቢዋ ባትጮህ ኖሮ የሐኪሙ ጋዋን ደረቱ ተቃጥሎ ይሄድ ነበር።

ይህን አስተጣጠፍ የሚያውቁት በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናቱ ናት፤ ሞታለች። አንዱ እሱ ነው። ሦስተኛው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ጋሼ።

ልጆች ሳሉ እናታቸው የምሳ ጨርቅ አንድ ብቻ ነበራት። ሁለት ልጅ፣ አንድ ጨርቅ። ጋሼ ከፍ ያለ ክፍል ስለሆነ ለዕረፍት ቀድሞ ይወጣል፤ ድርሻውን ይበላና የቀረውን አጥፎ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይሰጣል። ጆሮው ውጭ ከሆነ «ተርፎልሃል» ማለት ነው። ትንሹ በልቶ ሲጨርስ ጆሮውን ወደ ውስጥ ያስገባና ወደ ቤት ይዞት ይመለሳል፤ «በልቻለሁ» ማለት ነው። እናትየው ልጆቿ ከበር ሲገቡ ገና ሰላም ሳትላቸው እጇ ጨርቁን ይዳብስ ነበር፤ ጆሮው ከገባ ፊቷ ይፈታል። ከግማሽ በላይ ተርፎለት ያገኘባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ። አንድ ቀን ሲፈታው ዳቦውም ድንቹም ሳይነካ ሙሉውን አገኘው። ልጅ ነበርና ደስ ብሎት ሁሉንም በላ። የገባው ካደገ በኋላ ነው።

ከዚያ እንጀራ አባት መጣ። ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ቤት አይውልም እንደሚባለው፣ ጋሼና እንጀራ አባቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሲኳረፉ፣ ሲፋጠጡ፣ በመጨረሻም ሲያያዙ ከረሙ። አንድ ማለዳ ጋሼ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ከወንድሙ አልጋ አጠገብ ቆመና በሹክሹክታ፣

«ትመጣለህ?» አለው።

ትንሹ ነቅቶ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ፈራ። ዐይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ግጥም አድርጎ፣ የተኛ መሰለ። ጋሼ ብዙ ቆመ። ከዚያ የወለሉ ጣውላ ሲንቋቋ ተሰማ፤ በሩም ተዘጋ። ሲነጋ ወንበሩ ላይ የምሳው ጨርቅ ነበር፤ ጆሮው ውጭ። ውስጡ ያለው ዳቦ ድንጋይ እስኪሆን አልነካውም።

ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመት። ደብዳቤም ስልክም የለም። ጋሼን ቢያገኘው የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ነቅቼ ነበር»። ሌላ ምንም።

ናፕኪኑ በየረቡዑ መምጣቱን ቀጠለ። ሁልጊዜ ከክቡ ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ ጆሮው ውጭ። መነኩሴው አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ክብ ጠረጴዛ የደንበኛ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ጋሼ ከብሯል፤ በየሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር ውድ ምግብ ቤት ይበላል፤ ቀለበትም ያደረገ ይሆናል። ሾፌሩን ጠየቀው፤ ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነውና።

«ምግብ ቤቱ ውስጥ ማን ማን ነው የሚበላው?»

«እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀኝ? እኔ የማውቀው የጓሮውን በር ነው። ከረጢት ያቀብሉኛል፣ ከረጢት አቀብላቸዋለሁ። ከውስጥ የማውቀው ሽታውን ብቻ ነው፣ እሱም አስርቦ ይገድላል።»

ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ወረቀት ጽፎ መላክም ይችል ነበር። ግን ጠይቆ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ቢባልስ? ያልተጠየቀ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ጽሑፍ ትቶ በጨርቅ መለሰ። ከሚልከው ንጹሕ የናፕኪን ክምር መሐል አንዱን በዚያ አስተጣጠፍ አጥፎ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ላከ። በልቻለሁ። በየወሩ አንድ። ዘጠኝ ወር፣ ዘጠኝ ናፕኪን።

በዘጠነኛው ወር የላውንደሪው ባለቤት ከቢሮዋ ብቅ አለች። ሁሉም እትዬ ነው የሚላት።

«መነኩሴው!»

«አቤት እትዬ።»

«ጣልያን ቤቶቹ ደውለው ነበር። ናፕኪን ጎደለ ይላሉ። ዘጠኝ። በላሃቸው እንዴ?»

«እኔ ሳልቆጥር አልክም እትዬ።»

«ታዲያ እግር አውጥተው ሄዱ?»

«ለሠርጉ እያጠራቀመ ይሆናል» አለች አጣቢዋ ከማሽኖቹ መሐል።

«ይኼ? ይኼ ሙሽራ ቢያገኝ ተኩሶ፣ አጥፎ፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጣት!» አለች እትዬ።

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ዘጠኝ! የላካቸው ዘጠኝ ነበሩ፤ የጎደሉትም ዘጠኝ ናቸው። አንድ ሰው እየለየ ያስቀራቸዋል ማለት ነው። ጋሼ እየለየ ወደ ኪሱ ይከታቸዋል ማለት ነው።

«እትዬ፣ ማክሰኞ ፈቃድ ፈልጌ ነበር» አለ።

በዘጠኝ ዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ስለነበር ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ታመሃል?»

«አይ። ምሳ… ምሳ ልበላ ነው።»

«ምሳ!» ብላ አጣቢዋን አየቻት። እትዬ ወደ ጓዳ ገብታ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ይዛ ወጣች። «በል ይኼን ልበስ። በዚያ ሹራብህ ምሳ የሚያበላህ የለም።»

«የማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ የጠየቀው የለም። ባለቤቱ ወይ ሞቷል፣ ወይ ወፍሯል።»

ቦታ ለማስያዝ ደወለ። «ለስንት ሰው ነው?» አለች ልጅቷ። «ለአንድ» አለ። «አንድ ብቻ?» አለች። «አዎ፣ ብቻ» አለ። ከዚያ ድፍረት አግኝቶ «ክቡ ጠረጴዛ ከሚታይበት ቦታ ቢሆን» ሲል ጨመረ። ልጅቷ «ክቡ እኮ ከወጥ ቤቱ በር ጎን ነው፤ እዚያ አካባቢ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው የለም» አለችው። እሱ እፈልጋለሁ አለ።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የመስታወቱን በር ገፍቶ ገባ። መጀመሪያ ያስገረመው ዝምታው ነው። ሰው ሞልቷል፤ ሹካና ቢላ ግን በሹክሹክታ ያወራሉ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። መስታወት የመሰለው ወለል ላይ የሰው ጫማ ሲያይ ዕረፍት ተሰማው፤ ጫማ ያውቃላ። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን አየ። ሁሉም የእሱን ሥራ ለብሰዋል። አስተናጋጁ ወንበር ስቦለት ሲቀመጥ፣ በጣቱ የጨርቁን ጠርዝ ዳበሰ። ከጉልበቱ በላይ፣ ሌላ ሰው በማያየው ቦታ፣ ባለፈው ክረምት ካውያ ትንሽ የቆየበት ቢጫ ነቁጥ አለ። ዘመድ ያገኘ መሰለው።

ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ተዘርግቷል። አስተናጋጁ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ሰው ነው። ከፊት ለፊት ያለውን ሹካና ቢላ ለማንሣት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«የሚጠብቁት ሰው አለ ጌታዬ?»

«የለም። ማለት… አለ። አላውቅም።»

አስተናጋጁ ሳይስቅ እጁን ሰበሰበ። «እንግዲያው ይቆይ። ምን ልታዘዝ?»

ሜኑውን ገለጠው። ስሞቹ ረጃጅም ናቸው፣ አንዱንም አያውቀው። ግን ምግቦቹን ያውቃቸዋል፤ በሌላ በኩል ነው እንጂ። ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ሜኑውን ዘጋና፣

«ያ ጥቁሩ አለ?» አለ።

«የትኛው ጥቁር?»

«ጨርቅ ላይ ካረፈ የማይለቀው።»

አስተናጋጁ ቅንድቡ ብቻ ሳቀ። «ገብቶኛል። በባሕር እንስሳ ቀለም የሚሠራው ፓስታ ነው። ብዙ ሰው በጣዕሙ ነው የሚያዘው ጌታዬ፤ በእድፉ ያዘዘኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ዛሬማ ከእርስዎ ሌላ ያዘዘውም የለም።»

ሰውየው ሲሄድ ዐይኑን ወደ ክቡ ጠረጴዛ መለሰ። ባዶ ነው። ከጎኑ የወጥ ቤቱ በር እየተወዛወዘ አስተናጋጅ ያስገባል፣ ያስወጣል። ከሚያብረቀርቀው አዳራሽ ሁሉ ያቺ ማዕዘን ብቻ ደብዛዛ ናት። ጋሼ ለምን እዚያ ይቀመጣል? አዎ፣ ጋሼ መታየት አይወድም፣ ብሎ ለራሱ መለሰ።

ፓስታው መጣ። እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ከነጩ ሰሃን ላይ ያበራል። ዘጠኝ ዓመት የታገለውን ጠላት በሹካ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተው። ቀስ ብሎ አላመጠ። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ምላሱ ግን አየው። ጨው ጨው የሚል፣ ጥልቅ፣ ትንሽም የሚያሳዝን ጣዕም ነው። እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ለካ ላስለቅቅ ብሎ ሲያሸው፣ በሳሙና ሲቀጣው ኖሯል። ቀና ሲል የሚነግረው ሰው ፈለገ። ፊት ለፊቱ ንጹሕ ሰሃን፣ ንጹሕ ሹካ፣ ባዶ ወንበር አለ።

ግማሹን በላ። ግማሹን ተወው። ጠግቦ አይደለም፤ እጁ ራሱ ነው የቆመው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሒሳባቸውን እየከፈሉ ወጡ። ክቡ ጠረጴዛ ባዶውን ነው። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ሌላ ነገር?» አለው፤ ሁለት ጊዜ «ውኃ» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ዛሬ አልመጣም፣ አለ በልቡ። ታሞ ይሆናል። ወይ አይቶኝ ከበር ተመልሶ ይሆናል። የተኛ የሚመስል ወንድም አይቶ አንድ ጊዜ ሄዷል፣ ሁለተኛ ቢሄድስ ማን ይፈርድበታል?

ኮቱን ሊቆልፍ ሲነሣ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ሰዎች እየተሳሳቁ ወጡ። ነጭ ሽርጥ የታጠቁ፣ ላብ ያጠመቃቸው፣ አምስት ናቸው። መሐሉ ላይ ትልቅ ሰሃን አስቀምጠው ክቡን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ።

ዐይኑን ማመን አቃተው። አስተናጋጁ አስተያየቱን አይቶ ሊያስረዳው ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ የእኛ ሰዎች ናቸው። ማክሰኞ የጨርቅ መቀየሪያ ቀን ነው። የክቡ ጨርቅ ነገ ሊታጠብ ስለሚሄድ፣ እንደ ሰው ተቀምጠው የሚበሉት በሳምንት ይቺን አንድ ቀን ናት።»

ክቡ የደንበኛ ጠረጴዛ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት እድፍ ሲያነብ፣ ያደፈ ጨርቅ ሁሉ እንግዳ የበላበት ይመስለው ነበር። ያበሰሉትም እንደሚበሉ አንድ ቀን አስቦት አያውቅም። ጋሼ አልከበረም፤ ጋሼ ምግብ አብሳይ ነው! ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። አንዱ ልጅ እግር ነው። አንዱ ራሰ በራ፣ ጥርሰ ፍንጭት። አንዱ ከጋሼ ሁለት ክንድ ይረዝማል። አንዱ ዕቃ አጣቢ ነው፣ ሽማግሌ። አምስተኛዋ ሴት ናት፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት። ለራሷ ትንሽ ወስዳ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ በላች። ከዚያ አፏን ጠረገችና ናፕኪኑን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጫፉን ጠቀለለችው፤ ጆሮው ብቅ አለ።

ከጠረጴዛው እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። ከፊቷ ቆሟል።

«ይቅርታ… ይኼን አስተጣጠፍ ማን አስተማረዎት?»

ቀና አለች። «ለምን ጠየቅከኝ?»

«እኔ… የላውንደሪው ነኝ። ተኳሹ።»

«አሃ! የናፕኪኑ ሌባ በእግሩ መጣ!» አለ ዕቃ አጣቢው፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ቀስ ብሎ ወረደ፣ በጣት እንደተነካ ሊጥ።

«አንተ ነህ? ጆሮውን እያስገባህ የምትመልሰው?»

«አዎ።»

«አንተ ነህ» አለች ደግማ። ይኼኛው ጥያቄ አልነበረም።

ተነሥታ እጁን ያዘችና ሠራተኞቹ ልብስ ወደሚቀይሩበት ጠባብ መተላለፊያ ወሰደችው። የብረት ሳጥኗን ከፈተች። ከጃኬቷ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው፣ ዘጠኝ ንጹሕ ናፕኪኖች አሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የላካቸው ናቸው፤ አንዱም አልተፈታም።

«እሱ ነው ብዬ ነበር» አለች። «ላውንደሪ ገብቶ ነው አልኩ። በልቻለሁ ሲለኝ ነው አልኩ።»

«እኔም… እዚህ የሚበላው እሱ ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከወጥ ቤቱ የሰሃን መንኳኳት ይሰማል። አንዱ ያለውን ሌላው ወስዶበት፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን የቀሩ ያህል ተያዩ።

«ቅንድብህ የሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቁጭ በል።»

የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ነገረችው። ሌላ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሱ ሾርባ ላይ፣ እሷ ሰላጣ ላይ። ሰሃን አይበቃም ነበርና አንድ ሰሃን ለሁለት ይካፈሉ ነበር፤ እሱ ቀድሞ ይበላና በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጆሮውን አውጥቶ ያስቀምጥላታል፤ እሷም በልታ ስትጨርስ ጆሮውን አስገብታ ትመልስለታለች።

«ምኑ ነበሩ?» አለ ወንድምየው፣ አፍሮ።

«ምኑም።» ጣቶቿን አየች። «ሰሃን እንካፈል ነበር አልኩህ እኮ።»

«የት ሄደ?»

«አንድ ቀን ሥራ አልመጣም። ሽርጡ መስቀያው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ጆሮው ውጭ ሆኖ። ስድስት ዓመት አለፈው። እዚህ ከገባሁ ገና ዘጠኝ ወሬ ነው፤ ጨርቅ ሳጥፍ ግን አሁንም እጄ ጆሮ ያወጣል። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ሲሄድ አይነግርህም፤ እንደሱ ነው።»

«እኔን ነግሮኝ ነበር» አለ።

ሴትየዋ የብረት ሳጥኗን ተደገፈች። «ስላንተ አያወራም ነበር። አንድ ነገር ብቻ። ከሰዓት ሥራ ሲቀንስ ወንበር ገጥመን ጋደም እንላለን፤ ሼፉ ሲመጣ ለሥራ እንዳያስነሣን ሁላችንም የተኛን እንመስላለን። ወንድምህ ግን ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳስመሰለ አንድ በአንድ ይለየናል። በምን ታውቃለህ ስንለው፣ ‹የተኛ ሰው አፉ ይከፈታል፤ የሚያስመስል ሰው አፉን ግጥም ያደርጋል። ከትንሽ ወንድሜ ነው የተማርኩት› ይላል።»

ተኳሹ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ደበቀ።

«ይህን ሲል… ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር» አለች። የሳጥኑን በር በጣቷ እየነካች፣ «አንዳንዴ አይስቅም» አለች።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ተሸክሞት የመጣውን አንድ ቃል የሚያወርድበት ሰው አጣ። ቃሉም ራሱ ለካ አያስፈልግም ነበር፤ ጋሼ ያውቀዋል፣ ያኔም ያውቀው ነበር። እያወቀ ነው ያን ሁሉ የቆመው። እያወቀ ነው ዳቦውን የተወለት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ስሟን የጠራ ሰው አለ። «ልሂድ፣ የማታው ሰላጣ አልታጠበም» አለች። ሳጥኑን ግን አልዘጋችም። ዘጠኙን ናፕኪኖች እያየች ቆመች።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ፓስታው ቀዝቅዟል፤ ግማሹ እንዳለ ነው። ሒሳቡን ከፈለ። ከመሄዱ በፊት ጥቁር የነካውን ናፕኪን ከጭኑ አንሥቶ ሦስት ጊዜ አጠፈው፣ ጫፉን ጠቀለለው፣ ጆሮውን አውጥቶ ከሰሃኑ ጎን አስቀመጠው። እንዲህ ካጠፈ ዕድሜ ሄዷል፤ «ተርፎልሃል» ብሎ ያውቅም አይመስለውም። እሱ ሁልጊዜ የሚተርፍለት ነበር። ለማን እንደተወው እንጃ። ነገ ጠዋት ራሱ እጅ ላይ እንደሚደርስ ትዝ ያለው በመስታወቱ በር ወጥቶ፣ ትልልቆቹን መኪኖች አልፎ፣ ሰው ከጫማው እስከ ራሱ በሚታይበት መንገድ ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሾፌሩ ከረጢቱን ወርውሮለት ሄደ።

«እሺ መነኩሴው!» አለች አጣቢዋ፣ «ምሳው እንዴት ነበር? አብራህ የበላችው ልጅ ቆንጆ ናት?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«ውይ፣ እሱንማ እዚህም ትችለው ነበር።»

የራሱን ጠረጴዛ ቋጠሮ በቢጫዋ ነቁጥ አወቀው። ፈታው። ናፕኪኑ አለ፣ ጥቁሩ እድፍ ዳር ዳሩን ደርቋል፣ ጆሮው ውጭ። የራሱን ደብዳቤ ራሱ እንደተቀበለ ሰው አየው። ወደ ጎን አደረገውና ክቡን ፈታ። ከላይ ዘጠኝ ንጹሕ ናፕኪኖች ነበሩ፤ እሱ እንዳጠፋቸው፣ ሳይፈቱ።

«ኧረ እትዬ!» ብላ ጮኸች አጣቢዋ ትከሻው ላይ ተንጠራርታ። «የጠፉት ተገኙ! ደግሞ ንጹሕ ናቸው፤ ያልቆሸሸ ጨርቅ ምን ብለው ይልካሉ?»

ዘጠኙን አነሣቸው። ከዘጠኙ ሥር አራት የተጨማደዱ ነበሩ፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ አንድ የታጠፈ። አፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ነክቶታል። ማክሰኞ ጥቁሩን ያዘዘው እሱ ብቻ ነበር፤ ግማሹንም ሰሃኑ ላይ ትቶት ነበር። ጆሮውን በዐይኑ ፈለገው፣ አላገኘውም። በጣቱ ዳበሰው፤ ወደ ውስጥ ገብቷል።

እናቱ በር ላይ ቆማ እንደምታደርገው፣ እጁን እላዩ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ።

«ምነው ደረቅህ?» አለች አጣቢዋ። «ጥቁሩ ነው እንዴ? በሙቅ እንዳትነካው፣ ጭራሽ ይያዛል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተወው።»

«ልክ ነሽ» አለ። ሁለቱን ናፕኪኖች አንድ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፋቸውና ካውያውን ሊያሞቅ ሄደ።